ውሃው ምን አለ?

በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ረፋድ ላይ፣ ከሱሉላ በላይ በሚወጣው መንገድ፣
ገመድ በትከሻዬ፣ ጠርሙስ በቦርሳዬ፣ ደብተሬን ይዤ ስሄድ፣
ከግራሩ ሥር ተነስተው እማ ሉባባ ይጠይቁኛል፤
«ሰላም ነሽ?» አይሉም መጀመሪያ። «ውሃው ምን አለ?» ይሉኛል።

እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ ውሃውም አፍ የለው፤
ጉድጓድ ቁጥር ሦስት ነው፣ ክዳኑ የዛገ፣ ቁልፉ የሚያስቸግረው።
ሜትሩን ቁልቁል እለቃለሁ። አሥራ አንድ ከስልሳ፤ እጽፋለሁ በእርሳስ፣
ደሴ ያለው ላብራቶሪ ደግሞ ከውሃው ውስጥ ይፈልጋል ሌላ እርሳስ።

እዚህ ጉብታ ነበረ፤ ጤፍ የሚዘራበት፣
የእማ ሉባባ ባል የሞቱ ጊዜ ከምርቱ ሰደቃ የወጣበት።
ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ተገኘ፤ መጣ ካርታ፣ መጣ ዶዘር፣
ከሰሉ በሲኖትራክ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፣ ሰባት ዓመት ሲቆጠር።

ከዚያ ዋጋው ወደቀ። ወይም ከሰሉ አለቀ። ወይም ሁለቱም።
ዘበኛው አንድ ጠዋት ሲነቃ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም።
አጥሩ ቀረ። ቁፋሮው ቀረ። የቢሮው በር፣ ያለ ግድግዳ።
ከስብርባሪው ሥር የሚፈልቅ ውሃም፤ ቀለሙ ሻይ፣ ያልተከፈለ ዕዳ።

ፈንታው በድማሚት ያፈርስ ነበር። ሁለት ጣት ይጎድለዋል።
ዛሬ በዚያው እጁ፣ በቀን ሂሳብ፣ እርከን ይክባል፣ ቬቲቨር ሣር ይተክላል።
«እንዲህ የሚንቀረፈፍ ሥራ አላውቅም» ይለኛል፣ ኖራ ፊቱን አንጥቶት፣
«ማፍረሱ አንድ ክብሪት ነበረ።» ይስቃል። ከዚያ ያቆማል፣ ሳቁን ትቶት።

ሣሩ በመጀመሪያው ዓመት ነጣ። በሁለተኛው ግማሹ ያዘ።
በሦስተኛው ክትክታ፣ ማንም ሳይተክለው፣ ከድንጋዩ መሃል ተመዘዘ።

ሚያዝያ ላይ ሦስት ነጥብ ስምንት። ግንቦት፣ አራት ነጥብ ሁለት።
ሰባት ቢሆን ምንኛ በወደድኩ፤ ስድስት ተኩል እንኳ፣ ለከብት።
ከአራት እስከ አምስት አንድ እርምጃ መስሏችሁ፤ አሥር እጥፍ ነው።
እኔ ግን ቁጥሩ ሲወጣ እንደ ሕፃን ደስ ብሎኝ «ትንሽ ቀረው!»
አልኳቸው ለእማ ሉባባ። ይህን ቃል ብመልሰው እወዳለሁ።

ሐምሌ ገባ። የአምባሰል ደመና ወረደ። ጣለ፣ ሦስት ሌሊት።
አገር ሁሉ «እሰይ» ሲል እኔ ዝናቡን ፈራሁት።
በጋውን ከድንጋይ ጋር የተኛውን ኮምጣጤ አጥቦ አወረደ፤
ሦስት ነጥብ ሦስት። ሜትሩን አጠብኩ፣ ደገምኩ። ያው ነው። እጄ በረደ።

«ውሃው ምን አለ?»
«ገና ነው አለ።»
«ገና ስንት ዓመት ነው?» አሉኝ፣ የላሚቱን ገመድ ይዘው፤
ሌላ ምንጭ ሊያጠጧት፣ ሁለት ሰዓት ነው ጉዞው።
«ይህ ውሃ ሚሌ ይገባል። ሚሌን የአፋር ግመል ይጠጣዋል።
ግመሉ ደብተርሽን አያነብ። ለሱ ማን ይነግረዋል?»

ከዚያ ፊቴን አይተው «አብሽሪ» አሉ። እኔን።

መልስ አልነበረኝም። ጠርሙሱን ሞላሁ፣ ቀኑን ለጠፍኩ፣
ሥራዬ ባይሆንም ወራጁን እስከ ድልድዩ ድረስ መለካት ጀመርኩ።

ዛሬ ጥቅምት ነው። አምስት ነጥብ አንድ። «ትንሽ ቀረው» አላልኩም።
ከኖራው ኩሬ ዳር፣ ከቬቲቨሩ ሥር፣ ድምፅ ሰማሁ፤ አላመንኩም።
ፈንታው አካፋውን አቆመ። እንደገና ጮኸ፣ አንዴ፣ ሻካራ፣
እንደ ዛገ ክዳን፣ እንደ ሰው ጉሮሮውን ሲያጠራ።
«እንቁራሪት!» አለ፣ በሦስት ጣቱ እየጠቆመ፤
ፍንዳታ ያደነቆረው ጆሮ ለዚህች ድምፅ ቆመ።

እማ ሉባባ መጡ። አጎንብሰው አዩ። ደስ አላቸው? አላውቅም።
«እሷ ቸኩላለች» አሉ፣ «ላሜን ግን አላጠጣም።»
ልክ ነዎት አልኳቸው።

ደብተሬ ላይ «አስተያየት» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ፤
ሦስት ዓመት ወርዷል፣ «የለም»፣ «የለም»፣ «የለም» እያለ።
እርሳሴን ቀረጽኩና ከቁጥሩ ጎን
«እንቁራሪት፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።
ፊርማ። ሰዓት።
ቀጣይ ንባብ፦ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ።