የጨርቁ ጀርባ

ከኪየቭ በባቡር መጣች አንዲት ሴት፣
በብብቷ ይዛ ሥዕል በወረቀት፤
ጥቁር አራት ማዕዘን፣ ያጋደለ ቀይ በትር፣
ዳር ላይ ቢጫ ነጥብ፤ ሌላው ባዶ፣ ነጭ አየር።

ያቭዶሃ አየችው፤ ዘቅዝቃም አየችው።
«አበባው የት አለ? ወፉንስ ማን በላው?»
ሠዓሊዋ ሳቀች፦
«እንዳለ ጥለፊው። ምንንም አይመስልም፣
ራሱን ነው እንጂ።»
«ራሱን ብቻ የሚመስል ነገር
በዚህ መንደር የለም» አለች ጠላፊዋ።
ግን ዋጋው ደህና ነው፤ በጦርነቱ ዓመት ጨውም ተወዷል።

በጥቁሩ ጀመረች።
ወረቀት ላይ ደርቆ የነበረው ቀለም
በሐሩ ተነፈሰ፤
አንዴ ጥቁር፣ አንዴ የቁራ ክንፍ ሰማያዊ።
ብሩሽ የማያውቀው፦
ክር አቅጣጫ አለው፤ እንደ ፈረስ ገላ
መብራት ሲዳብሰው ይተኛል፣ ይነሣል።

በሦስተኛው ሌሊት ውሉ ጠፋባት።
ቀና ብላ አየች ያጋደለውን ቀይ፦
ኦስታፕ ሲዘምት ሳይገጥመው የሄደው
የበሩ መቀርቀሪያ።
ለማንም አልነገረች።
ምራቋን በክሩ ጫፍ አስነክታ
መርፌዋን ቀጠለች።

ሠዓሊዋ መጥታ ፊቱን መረመረች፤
«ልክ እንዳልኩሽ!» አለች፣
ገንዘቡን ቆጠረች።
ሞስኮ ላይ ተሰቀለ፤ ሰው ቆሞ ተከራከረ
ስለ ነጩ ባዶ፣ ስለ መጪው ዘመን።

ጀርባውን ማን ያያል?
ከገበሩ ሥር፣ ከቢጫዋ ኋላ፣
በቋጠሮ መሐል
ጥፍር የምታህል አንዲት ወፍ አለች፣
ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረች።