ዐይን ለዐይን

ሰቭጊ ሃኒም ከእረፍቷ ወደ ፋብሪካው ስትመለስ፣
ከሻንጣዋ ከረሜላ አወጣች፣ የልጅ ልብስ፣
ለእኛም፣ ለመስመር ሦስት ሴቶች፣ ስታዳርስ
ለዲንቂ ሕፃን፣ ለኢፋ፣ አንዲት ዐይን ሰጠቻት፤
በመርፌ ቁልፍ አንጠልጥላ፣ በወረቀት ጠቅልላት።

የብርጭቆ ናት። ክብ። የካፖርት አዝራር ያህላል ስፋቷ፤
ሰማያዊ ውስጥ ነጭ፣ ከነጩ መሐል ጥቁር እምብርቷ።
ሽፋሽፍት የላት፣ አትተኛ፣ አታለቅስ።
«ናዛር» አለች ሃኒም፣ በምታውቀው አማርኛ፣
«ሰው ያያል፣ ያያል፣ ያያል፤ ልጅ አይተኛ።
ይህ ዐይን፣ ዐይን ይበላል» አለችና ሳቀች፤
ሁላችን ሳቅን። ዲንቂ ብቻ ወደ እኔ አየች።

እኔና ዲንቂ ባንድ ግቢ ነን ተከራዮች፣
ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ኋላ፣ ጎን ለጎን በሮች፤
የአዳማ ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ ሲያልፍ
የማን የማን ነው ሳይል ልብሳችንን ከገመድ የሚያረግፍ።
ጨው ተበድሬያታለሁ፣ ሻማ አበድሬያታለሁ፣
ምጧ በመጣ ሌሊት ባጃጅ ፍለጋ ሮጫለሁ።

በጥር ግን አንዲት እንግዳ ከወደ አገሬ መጣች፣
ፊቴን አየት አድርጋ አባቴን በስሙ ጠራች፤
«የቀጥቃጩ የእሸቴ ልጅ አይደለሽም ወይ?» ብላ።
ከዚያ ቀን ወዲህ የኢፋ ፊት ተሸፈነ በነጠላ።

ክፉ አልተናገረችም፤ ክፉ አይወጣም ካፏ፣
ብቻ እኔ ስገባ ልጁ ይሰወራል በእቅፏ።
ሲያስነጥሰው አየችኝ። ሲያስመልሰው አየችኝ።
አንድ ሌሊት በትኩሳት ሲነድ «እንትፍ በይበት» አለችኝ።
እየለመነች ነበር፣ በባዶ እግሯ፣ እያለቀሰች፤
እንትፍ አልኩ። ምራቄ ደርቆ ነበር። ልጇን ይዛ ተመለሰች።
ጠዋት ዳነ።
ያ ነው የከፋኝ፣ መዳኑ፤
ማን ያምናል አሁን፣ ጉንፋን እንደ ነበር ጉንፋኑ?

እና አሁን ያች ዐይን በቆቡ ላይ ናት፣
ግራ እጁ ክር አለው፣ አንገቱ የአያቱ ክታብ አለበት፤
ሦስት ዘብ ለአንድ ሕፃን፤ ጠላቱ እኔ ብቻ፣
እጅጌ ስገጥም የምውል በስፌት መኪና ዳርቻ።

በምሳ ሰዓት ሃኒምን «የዚህች ዐይን ሠሪ ማነው?»
ብላት፣ ስልኳን ከፈተች። አንድ ሽማግሌ፣ ፊቱን እሳት የላሰው፣
ከምድጃ ሥር ተቀምጧል፣ ዘንጉን በነበልባል ነክሮ፣
የቀለጠ ብርጭቆ በዘንጉ ጫፍ አዙሮ፤
ሰማያዊውን ጠፈጠፈ፣ ነጩን አንጠበጠበ፣ ጥቁሩን ነካ፣
ዐይን ሆነች። ሣጥን ውስጥ ጣላት። ሌላ ጀመረ።
ለካ!

አባቴም እንዲህ ነበር ከወናፉ ፊት ሲቀመጥ፣
አንድ ዐይኑን ጨፍኖ የማረሻ ጫፍ ሲቀጠቅጥ።
ቀን ማረሻውን ይወስዳሉ፣ ማታ ስሙን ያነሣሉ፤
«ጅብ ይሆናል» ይላሉ፣ በሠራው ቢላ ሥጋ ይቆርጣሉ።
በእነ ሃኒም አገር ይሄን ሽማግሌ፣ ጅብ ይሉት ይሆን?
ጠየቅኋት። «ጅብ?» አለች። አልገባትም። ተውኩት ነገሩን።

ቅዳሜ ማታ፣ መብራት ሄዶ፣ ዲንቂ በሬን አንኳኳች፤
ባንድ እጇ ልጁን፣ በሌላው ያችን ዐይን ይዛ ቆመች።
«መርፌ ቁልፉ ተሰበረ» አለች፤ «አንቺ… ታውቂ ይሆናል…»
የጀመረችው ነገር እስካሁን በራፌ ላይ ቆሟል።

ፒንሳ አለኝ፣ የአባቴ፣ ከሻንጣዬ ሥር የሚያድር፤
ሽቦ በሻማ አጋልኩ፣ ጫፉን አጠፍኩ፣ ዳግም እንዳይሰበር።
ያች ዐይን መዳፌ ላይ ተጋድማ ሽቅብ አየችኝ፤
ፈራሁ፣ አልዋሽም። ጠበቅሁ። አልበላችኝ።
ከጥር ወዲህ ፊቴን ሳትሸሽ ያየችኝ እሷ ብቻ ናት፤
ብርጭቆ ናታ! ምን ታውቅ! ማን ነገራት!

ቆቡ ላይ ሰካሁለት። ልጁ ጣቴን ያዘ።
ዲንቂ ልትነጥቀው እጇን ዘረጋች፤ እጇ ፈዘዘ።
ነፋሱ ከውጭ ቆርቆሮ ይደበድባል።
ሻማው ሊያልቅ ነው።
ልጁ ጣቴን ይዟል።