ቦታ የለም

ሸዋበር መታጠፊያ፣ ከደረጃው በታች፣
ፎቶ ቤት አለችኝ ለሁለት የጠበበች።
ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ፣
መብራት ሲሄድ ደግሞ በር ላይ እቆማለሁ።

ዛሬ በማለዳው፣ ጭጋጉ ሳይነሣ፣
ገና ሳይገለጥ ከበላያችን ጦሳ፣
እትዬ ሉባባ ስልክ ይዘው ገቡ፤
መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ አብጧል ሆድ ዕቃው።
«ሊሞትብኝ ነው ልጄ፤ ሳትወጣ ነፍሱ
የሀያትን ኒካህ ገልብጪልኝ ከሱ።»

ሰካሁት። ጠበቅኩት። ኮምፒውተሩም አለ፦
ቦታ የለም።

ደሴ ላይ ያደገ ይህን ቃል ያውቀዋል፤
ጦሳ ከዚህ ሲገፋ አዝዋ ገደል ከዚያ ይመልሳል፣
የአንዱ ቤት ጣራ ለአንዱ ደጁ ይሆናል።
ግን እዚህ ዲስኩ ውስጥ፣ በሰፊው ሜዳ ላይ፣
ማን መጥቶ ሰፈረ እኔ ሳላይ?

ፈለግኩ። አንድ በአንድ ፎልደር ከፈትኩኝ።
የመታወቂያ ፊት፣ የሟች ፎቶ፣ የሰርግ ካርድ አለፍኩኝ፤
የእድር ደብዳቤ፣ ሃያ ኪሎ ባይት፣
የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ የተመሰከረበት።
ከዚያ አገኘሁት፣ እግሩን ዘርግቶ ተኝቶ፣
መቶ አርባ ጊጋ አጥሮ፣ እንደ ባለሀብት መሬት
ሣር የበቀለበት፣
ምንም ሳይሠራበት።
የይመር ጌም።
የወንድሜ።

የከተማ ግንባታ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ
«አሥር ደቂቃ ብቻ፣ እታለም» እያለ
እዚሁ ወንበር ላይ አድሮ ነው የሠራው።
ተራራም አቁሞ «ጦሳ» ብሎ ጠራው፤
ግን ወደ ኋላ ገፋው ትንሽ፣ ፈቀቅ አረገው፣
ሜዳው ለቤት መሥሪያ እንዲበቃ ለሰው።
ውሃ በየቤቱ፣ መብራትም አይጠፋ፤
መጥፋት የሚለውን ከሴቲንጉ አጠፋ።

ኋላ ሥራ አገኘ፣ ኮምቦልቻ ወረደ፤
ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ክር ላይ ተጠመደ።
ሐረጎን መውረድ ነው፣ ምን ያህል መንገድ ነው?
ግን ቅርብ ያለን ሰው «ነገ» ነው የሚያርቀው።
ከመውሊድ ወዲህ አልመጣም።
ስደውል ይተኛል፣ ስተኛ ይደውላል።

ደወልኩለት። የሌሊቱ ፈረቃ ሊያልቅ ሩብ ጉዳይ ነው፤
ከጀርባው የሚጮኸው ሺህ ቀሰም ነው።
«ይመር፣ ላጠፋው ነው።»
ዝም አለ።
«ድልድዩ አላለቀም» አለኝ፣ ቆይቶ።
ከዚያ፦ «አጥፊው። ስታጠፊው ግን አትንገሪኝ።»

ተጫንኩት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። አዎ።
ቦታው ግን አልሰፋም፤ ያው ነው እንደነበረው።
ያስወጣሁት ተከራይ በረንዳው ላይ አድሯል፣
ቅርጫት ውስጥ ተኮራምቶ ይጠባበቀኛል።
ቅርጫቱንም ደፋሁ።

እትዬ ሉባባ ከበርጩማው ሆነው
«ቤት አፈረስሽ እንዴ? ፊትሽን ምን ነካው?»
«ከተማ ነው» አልኳቸው።
ሳቁ፤ የምቀልድ መሰላቸው።

ሁሉም ሄዷል ስል ግን፣ አንድ ጥግ ላይ ቀርታ
ትንሽ ፎልደር አየሁ፣ ስሙን ተሸክማ።
አራት ሜጋ። መንገዱ፣ ሕዝቡ፣ የተገፋው ጦሳ፣
ያላለቀው ድልድይ፣ ሁሉም እሷ ውስጥ ናቸው።
ታዲያ መቶ አርባው ጊጋ ምን ነበር የያዘው?
ሰማይ። የዝናብ ድምፅ። የመኪና ጥሩምባ።

ፍላሽ ላይ ገለበጥኳት፣ ከቁልፌ ጋር አሰርኳት።
ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ሐረጎን እወርዳለሁ፤
ከተማ ይዤ ስገባ የሚኒባሱ ረዳት
የጭነት አይጠይቀኝም።

ኒካሁም ተራው ደረሰው፤ መገልበጥ ጀመረ፤
ሙሽራዋ ገባች፣ ሚዜው ተከተለ፣
ዘጠና ሦስት በመቶ ላይ
መብራት ሄደ።

«ስልኩ አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ደረታቸው ላይ ይዘውት።
ወጥተን በር ላይ ቆምን። ጭጋጉ እየተነሣ ነው።
ጦሳ እንደ ወትሮው አፍንጫችን ላይ ቆሟል።
ቁልፌን በእጄ እያሻሸሁ አየሁት፣
ትንሽ ፈቀቅ ይል እንደሆን።