ኢቃማ የሌለው

ኩዌት፣ ሐወሊ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ስድስት ሴት በሰባት ፍራሽ፤
የዝማምን ማን ደፍሮ ያሽሽ?

ነሐሴ ነው፤ የቀዝቃዛው ቧንቧ እጅ የሚልጥ ውሃ ይተፋል፣
በትንሿ ድስት የእኔ ምስር፣ በትልቋ ዶሮ ይንተከተካል።
አምና ሁላችን ፍልሰታን ያዝን፤
ዘንድሮ ብቻዬን ነኝ፤ ጾማቸውን አስፈታቸው ሐዘን።

«እግዜርሽ» ትለኛለች አትጠገብ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣
ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች፣
«ኢቃማ የለው፣ አሻራ ሰጥቶም አልገባ፤
ቢኖርማ ያን ሌሊት፣ ከእኛ ጋር እንኳ ባነባ!»

ይስቃሉ። እኔም ልስቅ ትንሽ ቀረኝ፤
መልስ ቢሉኝ መልስ የለኝ።

ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነሣለሁ፣
ከፍሪጁና ከግድግዳው መሐል በጎን ገብቼ እቆማለሁ።
ምሥራቅ በየት እንደሆነ ያሳየችኝ ዝማም ናት፣
ከማጠቢያው በላይ፣ ቀለሙን በጥፍሯ ጭራ፤
ጣት የማታህል ምልክት።
ያቺን እያየሁ እሰግዳለሁ።

አንዳንድ ሌሊት ቃሉ ሁሉ ይጠፋኛል፤
«አቤቱ» ብዬ የጀመርኩትን የፍሪጁ ሞተር ይጨርስልኛል።
አንዳንዴ እግሬ ብቻ ያምናል፤
ልቤ ከአምስቱ ጋር ይተኛል።

ትናንት ስልኬ ባትሪ ጨረሰ፤
አንድ እጅ፣ ሽንኩርት የሚሸት፣
በጨለማው ትከሻዬን ዳሰሰ።
«ተነሺ፣ ዘጠኝ አለፈ፤
ያ ኢቃማ የሌለው ሰውሽ ቆሞ ይጠብቅሻል» — አትጠገብ ናት።
ቀና ብዬ ሳያት፣
ፊቷን ወደ ባዶው ፍራሽ አዙራ ተኝታለች።

አልሳቀችም።