የባለሜዳ አምፖል

ሰሌዳውን አብሪ፣ ቆጣሪው እኔ ነኝ፤
ብትፈልጉኝ አርብ ማታ፣ ከማማው ላይ አግኙኝ።
ሥራዬ ቀላል ነው፣ ሁለት ቁጥር ያለ፤
አንዱ «ባለሜዳ»፣ አንዱ «እንግዳ» የተባለ።
እንግዳ ሲያስቆጥር ቁልፍ እጫናለሁ፤
የኛ ልጆች እስኪያስቆጥሩ፣ እጄን በትንፋሼ አሞቃለሁ።

ከተማችን ሀርትሊን፣ ኔብራስካ ሜዳ ላይ፣
የበቆሎ ጎተራዋ ከቤተ ክርስቲያኗ ደወል በላይ።
ትምህርት ቤቱ ትንሽ፤ ወንዱ ሁሉ ቢቆጠር
አሥራ አንድ አይሞላም፤
በስምንት ተሰልፈን ነው የምንሰበር።
ኳሷ እንቁላል መሳይ፤ ስሟ የእግር ሆኖ ኑሮዋ ግን በእጅ፤
እስክትፈለፈል ታቅፎ ያቆያት የለም የኛ ልጅ።

በመጀመሪያው አርብ አርባ ስምንት ለዜሮ።
በሁለተኛው አርብ ሃምሳ ሁለት ለዜሮ።
በሦስተኛው ዘነበ፤
ዳኛው ራሱ አዝኖ ሰዓቱ ሳይቆም እንዲሮጥ ፈቀደ፤
ያም ሆኖ ባዶ ወጣን፤ ጭቃው ብቻ ነው አብሮን ቤት የሄደ።

አሠልጣኝ ፖስፒሺል በቀን ኬሚስትሪ ያስተምራል፤
ማታ አውቶቡሱን ራሱ ይነዳል።
ተሸንፈን ስንመለስ አይቆጣም፣ አይሰብክም፤
«ነገ ላም የምታልቡ በጊዜ ተኙ» ይላል፤
ሌላ አይጨምርም።

ሴቶቹ ግን፣ ስሙልኝ፣ በመረብ ኳስ አውራጃውን ጠረጉ፤
ዳርሊን ስተርባ ስትዘል መረቡ ነው የሚያጥር።
እነዚያው ወላጆች ናቸው፣ ማክሰኞ አዳራሹን በጩኸት የሚያናጉ፣
አርብ ሲሆን እንደ ልቅሶ ደራሽ
በለሆሳስ ስለ በቆሎ ዋጋ የሚያወጉ።

ጥቅምት ላይ የእንግዳ አምፖል ይቃጠል ጀመረ፤
ከሥራ ብዛት ነው፣ ሲበራ እያደረ።
ለአምፖል በጀት የለም፣ አለኝ ጽሕፈት ቤቱ፤
መሰላል አቁሜ ወጣሁ በሌሊቱ።
ለዜሮ ዳር ዳሩ ይበቃል፤ መሐሉ ምን ይሠራል?
ከባለሜዳ ሆድ ነቅዬ ለእንግዳ ሰጠሁት፤
ማን አይቶ ይቆጥራል?
እንግዳ ተቀባይ ነን፤ እንግዳው በልቶ ጠገበ፤
የባለቤት ሆዱ ጨለመ፤ ማንም ስለሱ አላሰበ።

የመጨረሻው አርብ። ሌክሰሮች አርባ አራት፣ እኛ ያው።
ሦስት ደቂቃ ቀርቶ፣ ግማሹ ተመልካች መኪናውን አሙቆ፣
የሌክሰር ልጅ ኳሷን ጣላት፤ እጁ ከብርድ ደርቆ።
ታነር ዩርካ አነሳት።
ታነር፣ መቶ ሃያ ኪሎ፣ በእረፍት ሰዓት ከነመለያው
ከሙዚቃ ጓዱ መሐል ቆሞ ትልቁን ጡሩንባ የሚነፋው፤
በአራት ዓመት ኳስ ነክቶ አያውቅም፤ ሥራው መግፋት ነው፣ መገፋት ነው።
አነሳት። ቆመ። ዙሪያውን አየ፣ «የማን ናት?» እንደሚል ሰው።
«ሩጥ!» አለ ፖስፒሺል። ጩኸቱን ገና ያን ቀን ሰማን።
ሮጠ።
ሠላሳ እርምጃ፣ እንደ ተጫነ ጋሪ፣ አንድ ጫማውን ጥሎ፣
እንቁላሏን በሁለት ክንዱ ሆዱ ላይ ታቅፎ፣ ጠቅልሎ።

መስመሩን አለፈ። መኪኖቹ ሁሉ ጮኹ።
እኔም ያልለመደ ጣቴን ሰድጄ ስድስትን ተጫንኩ።
ስድስት አልወጣም።
መሐሉን ነቃዩ እኔ፣ ረስቼው፤
ሰሌዳው ላይ የበራችው
በአንድ ጎኗ የተሰነጠቀች ዜሮ ነበረች።
ሕዝቡ አንጋጦ አየ፣ ዝም አለ።
ከዚያ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሜዳው ሁሉ በሳቅ ታመሰ፤
ታነር በአንድ ጫማ ቆሞ፣ እየሳቀ አለቀሰ።

በረዶ መጣ። ቅርጫት ኳሱ እንደነገሩ አለፈ፤
በትግል የአንዱ ልጅ ትከሻ ወለቀ።
ግንቦት ላይ ዳርሊን በከፍታ ዝላይ ሜዳልያ አጠለቀች።
የዓመቱ መጽሔት ሲታተም ለእሷ ሁለት ገጽ፣ ለፉትቦል ግማሽ፤
ፎቶው የሰሌዳው ነው፤
የማያውቅ ሰው የማተሚያ ቤት ስህተት ይለዋል።

ሐምሌ ላይ አንድ ሳጥን አዲስ አምፖል ላኩልኝ።
የቱን ወገን ቀድሜ እንደምሞላ
ማንም አልጠየቀኝ።