ይርገዱ የለችም

ሐምሌ ነው በማርቆስ፤ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር
በረዶ ይቆላል፣ ውትርን ሞልቶ ሊያድር።
መብራት ከሄደ ቆየ፤
ሻማው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአንዱ እኛን አየ።
እኔና ይርገዱ በአንድ ጋቢ ገብተን፣
የልጃችንን አትላስ ጉልበት ላይ ዘርግተን፣
ካሪቢያንን ፍለጋ ጣት እንሰዳለን።

ያቻትና ባርቤዶስ፣ የጤፍ ፍሬ አክላ፤
ግሬናዳም እታች፣ ከእጥፋቱ ኋላ።
ሴንት ሉሺያ ላይ ግን የዘይት ጠብታ
ወድቆ ኖሮ ድሮ፣ ደሴቷ ሰፍታ፣ ሰፍታ
ባሕሩን አክላለች።
«እዚች ይሻለናል፤ ሰፊ ናት» አለች።

ደብተር አወጣሁኝ፤ ገጹን ለሁለት ከፈልኩ፤
በቀኙ «ጀብዱ» ብዬ በግራው «ዕረፍት» አልኩ።
ጀብዱው የኔ ነበር።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መሬት ድንበር
በሜትር ስለካ፣ ችካል ስቸነክር፣
አማረኝ ውሃ ብቻ፤
ችካል የማይዝ፣ ሽማግሌ የማያስቀምጥ ድንበር።
ጻፍኩ፦ በሸራ ጀልባ ማዕበል መፋለም፤
ጠልቆ ዓሣ መጎብኘት በሌላኛው ዓለም፤
እሳተ ገሞራ አናት መድረስ ጎሕ ሲቀድ።
«ዋና የት ለመድክ?» አለች፤
«ዓባይን በድልድይ ስትሄድ?»

ግን የእሷ ዓምድ ባዶ፤
እርሳስ ይዛ ቆየች፣ ጣቷ እንደ በረዶ።
ሠላሳ ሦስት ዓመት ስታዋልድ ያደረች፣
የስንቱን እትብት የቆረጠች፣
ጡረታ ወጥታ እንኳ ከመንኳኳት ያልዳነች፣
ከብዙ ዝምታ አንድ መሥመር ጻፈች፦
«ሰው የማያንኳኳው በር።»
ሌላ አልጨመረች።

ወጪ ደመርን፤ የበሬው ገንዘብ አለ፤
እቁቡም ከደረሰን፣ ጸሐፊው ካልታለለ፣
ይበቃል ለመሄጃ፤
ለመመለሻው እግዜር አለ፣ ወይ የቤቱ ማስያዣ።
«ዶሮዎቹን ማን ያያል?» «ምንይችል ይያቸው።»
«እድሩስ?» «መቀጮ አይደል? እንክፈላቸው።»
«ፍልሰታስ ከገባ? ዓሣ ነው አሉ ያገሩ ስንቅ።»
«ኮኮናት ጾም ነው» አልኳት፣ ነፍስ አባቴን ሳልጠይቅ።

ያን ጊዜ ተንኳኳ።
ደግሞ ተንኳኳ።
«እትዬ ይርገዱ! ድረሽልን! ምጡ ጠናባት፣ አልቻለችም፤
መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፣ አምቡላንስ አይገባም!»
ተነሣች። አንድ ቃል አልተናገረች።
የፕላስቲክ ቡቷን አጠለቀች፣ ጋቢውን ለእኔ ተወች፣
የእጅ ባትሪ ይዛ በረዶው ውስጥ ገባች።
እኔ ከደብተሬ ጋር ቀረሁ።
«ሸራ ጀልባ» የሚለውን አየሁት፤ አፈርሁ።
ሻማውን አጠፋሁ።

ጎርፍ እንደለቀቀው ግንድ ሲነጋጋ መጣች፤
«ወንድ ነው። እትብቱ አንቆት ነበር። አለቀሰ» አለች።
ከነቡቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።
«የት ደረስን?»
«ገና ወደብ ላይ ነን፤ መርከቡ አልተነሣም።»
«ሲነሣ ቀስቅሰኝ» አለች፤ ከዚያ በኋላ አልሰማችም።

ቡቷን አወለቅሁላት። በረንዳው ላይ ወንበር
አወጣሁ፤ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤
ጮቄ አናቱን ብቻ ከጉሙ አውጥቶ ይዋኝ ነበር።
ሦስት ሰዓት ሲሆን የእድሩ ጸሐፊ
አቶ ዓለምነው መጣ፣ ጃንጥላው ቀዳዳ፣ ኮቱ ሰፊ።
«ይርገዱ የለችም።»
«የት ሄደች?»
«ባሕር ማዶ።»
ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሄደ ተናዶ።
ምንይችል እንቁላል ይዞ መጣ፤ እሱንም መለስኩ።
ከዚያ አንዲት ልጅ ከታች ሰፈር፣ ወገቧን ይዛ። ደነገጥኩ።
«ስንተኛ ወርሽ ነው?»
«ስድስት።»
«አሞሻል?»
«ኧረ የለም፣ ልታየኝ ብላኝ ነበር፣ ቀጠሮ ይዣለሁ።»
«እንግዲያው ነገ ነይ፤ ዛሬ ደሴት ናት» አልኩ።
ልጅቷ አየችኝ፤ በሩን አየችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ
«ደኅና ትድረስ» ብላ ሄደች፣ ጭቃውን በቀስታ ረግጣ።

ከሰዓት ነፋስ ተነሣ።
የበሩ ሰንሰለት ካሮጌው ሳንቃ ጋር እንዳይነካካ
ወንበሬን አስጠጋሁ፤
በመዳፌ ይዤው ዋልኩ፣ እሱም እንዳያንኳኳ።