መቀናጆ

በደብረ ብርሃን፣ ጥር ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣
የበረሳ ዳር ሣር በውርጭ ሲነጣ፣
አንድ እግሩ ያበጠ ገበሬ መጣ፤
ወንድይፍራው ይባላል፣ አገሩ ማማ ምድር፤
የግራ ጫማውን ይዞ ቆመ ከበር።
"አልገባ አለኝ፣" አለ፣ "ሦስት ቀኑ ዛሬ፣
እኔው ተሸከምኩት፣ ተገልብጦ ነገሬ።"

እንጀራዬ ድምፅ ነው፣ ሰው የማይሰማው፤
ጨለማ ሆድ ዕቃን እያበራ የሚያሳየው።
"ይበርዳል፣ ይቅርታ፣" አልኩት ቅባት ይዤ፣
የሌሊት ተረኛ ነበርኩና ፈዝዤ።
"የመንዝን ሰው?" አለ፤ ሆዱ እስኪነቃነቅ
ሳቀ፤
ምስል የለም ሰው ሲስቅ።

ከጭኑ ጀመርኩኝ። ሥሩን ብጫነው
አልታጠፍ አለኝ፤ ደም ረግቶ ሞልቶት ነው።
ወደ ላይ ተከተልኩ፣ በእምብርቱ አልፌ፣
ትልቁን ደም መላሽ ልለካ አሰፍስፌ፣
ከጉበቱ ኋላ፣
ቦታው ላይ፣
የለም።

ማሽኑን አጠፋሁ። መልሼ አበራሁት።
"ትንፋሽህን ያዘው።" ያዘው። ደግሜ አየሁት።
የለም።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሺህ ሰው ሆድ ውስጥ፣
ሳላጣው የኖርኩት ጎዳና ሲቋረጥ፣
ጣርማ በር አናት ላይ ጭጋግ አስፋልቱን
እንደዋጠበት ሹፌር ጨበጥኩት እጄን፣
እሱን ረስቼው።
"ልተንፍስ?" አለኝ።

ሲቲው ማታ መጣ። ዶክተር ጽጌማርያም
ፊልሙን ለመብራቱ ሰጠችው፤ አልቸኮለችም፦
"በናትህ ሆድ ሳለህ፣ ሽንብራ ሳታክል፣
ከታች ያለው መንገድ ከላዩ ሊቀጥል
ሲገባው፣ አልደርስ ብሎ ቀረ መሃል።
ደሙ ግን አልቆመ። ካከርካሪህ አጠገብ
አንዲት ቀጭን ሥር አለች፣ የኋላ በር፤ ወደ ልብ
በሷ ዞሮ ገባ፣ በላይ፣ በአናት በኩል።
ዛሬ ጣቴን ታክላለች፤ ወፈረች በሸክም፣
ስድሳ ዓመት ተሸክማ የሁለቱን ያህል።
ስሟን የጥንት ሐኪም ሲያወጣ፣ በዚያ ቋንቋ፣
'ያላጣማጅ' ብሏታል።"
ይሄኔ ዓይኑ ነቃ።

"ያላጣማጅ?" አለ። ተነሥቶ ተቀመጠ።
እግሩን ረሳው፤ ወጉ ተለወጠ።
"እኔ አንድ በሬ አለኝ፣ ቦራ። ጓዱ ጉራች
የዛሬ ሦስት ክረምት ገደል ገባ፤
ቀንበሬ ተንጠልጥላ ቀረች።
ከጎረቤቴ ጋር፣ ከእንግዳሸት ጋራ፣
ተቀናጅተናል፤ ሁለት ቀን ለሱ ሥራ፣
ሁለት ቀን ለኔ ነው። እንዲያም ሆኖ ቦራ
ማታ ሲፈቱት ይተኛል፤ ገለባ እንኳ አይል።
እሷሳ፣" አለ፣ ጣቱ ፊልሙን ሲከተል፣
"ሲደክማት ከማን ጋር ነው የምትቀናጀው?"

ጽጌማርያም ዝም አለች። መርፌ ነው ያዘዘችው፤
ደም የሚያቀጥን፣ ጠዋትና ማታ፣ ከሆዱ ላይ።

እኔ ግን እቆጥራለሁ፦ ሃምሳ መኸር አጭዷል፣
ሞላሌ ገበያ በግ ነድቶ ወጥቷል፣ ወርዷል፣
አምስት ልጅ አሳድጎ ሁለቱን ቀብሯል፤
ልቡ አንድም ቀን "መንገዴ ጠማማ ነው" አላለችው።

ሌሊት፣ መብራት ሳይሄድ፣ ክፍሉን ዘግቼ፣
የራሴን ሆድ አየሁ ቅባት ተቀብቼ።
አለ። ከጉበቴ ኋላ፣ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣
ትንፋሽ ስስብ ጠበበ፤ ሳወጣ ሰፋ አለ።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምን ልበል?
ምንም አልደከምኩለት፤ ተሰጥቶኝ ነው እንዳለ።

በሳምንቱ ወጣ። የግራው ጫማ ገባለት፣
ክሩ ባይታሰርም። ፊልሙን እንዳይታጠፍበት
ከጋቢው ሥር ይዞ፣ "ለእንግዳሸት፣" አለኝ፤
"ሐሙስ የሱ ተራ ነው። ይሄን ይየውና፣
ቦራን ቀደም አርጎ ይፍታልኝ።"